አንድ ሺህ ዘጠኝ እግር ቡና

ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ ፊደል የለኝም። ቁጥር ግን ጉድ ሠርቶኛል፤ እሱን ልጻፈው።

ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር የቡና ማሳ አለኝ፤ አለኝ ማለቴ ነበረኝ። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼና እህታቸው ‹‹ያካፍሉን›› አሉኝ። ቡና ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን ጎረቤት አይቻለሁ፤ የጥላው ዛፍ ይወድቃል፣ ጫት ይተከላል፣ ወንድምና ወንድም በድንበር ይፈነካከታል። እንቢ አልኩ። ሽማግሌ ላኩብኝ። መውጫ ሲያሳጡኝ ጊዜ፣ ‹‹ይቆጠር›› አልኩ። ‹‹የቡናው እግር ለሦስት እኩል ከደረሰ ይውሰዱ። ካልደረሰ እስክሞት አንድ ላይ ይቆይ።›› ሽማግሌዎቹ ቃሌን ተቀበሉ፤ ልጆቼም እሺ አሉ።

ቆጠራው ላይ የተጎነደለው ቡና አጣላን። ያረጀ ቡና ከጉልበት በታች ሲቆረጥ፣ ከጉቶው ሦስት አራት ሆኖ ያቆጠቁጣል። ትንሹ ልጄ እያንዳንዱን ቀንበጥ ልቁጠር አለ።

‹‹ሥሩ አንድ ከሆነ እግሩም አንድ ነው!›› ብዬ ድርቅ አልኩ።

ከየእግሩ አንድ አንድ ቅጠል ቅርጫት ውስጥ እየጣልን ቆጠርን። አንድ ሺህ ዘጠኝ ሆነ። ለሦስት ሲካፈል አንድ ቅጠል ተረፈ።

የሴት ልጄ ባል አማን ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነው። ወረቀት አውጥቶ ለሁለትም፣ ለሰባትም፣ ለአሥራ ሦስትም፣ ከዚያም በላይ ሞከረው። እንቢ።

‹‹አባባ፣ ይሄ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል አይደርስም›› አለኝ እየሳቀ።

‹‹ባለቤቱን መስሎ!›› አለ አንዱ ሽማግሌ። ‹‹ግትር ሰው ግትር ቡና ተከለ!››

ሳቅን። ያን ቀን ደስ ብሎኝ አመሸሁ።

ብዙም ሳይቆይ ታላቁ ልጄ ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። ‹‹አባባ፣ ድጋሚ ይቆጠር።››

ማሳው ውስጥ ገባን። አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ አጠገቡ አንድ ቡና ከነቀይ ፍሬው ተጋድሟል። ቆርጦት ቢሆን ሥሩ አለ ብዬ በተሟገትኩ። ይህን ስለሚያውቅ ነው ከነሥሩ የነቀለው።

‹‹ምን አደረገህ ይሄ ቡና?››

‹‹ቃልዎ ነው፣ አባባ። አሁን ለሦስት ይደርሳል።››

ሴት ልጄን አየኋት፤ አቀረቀረች። ሽማግሌዎቹም አፍረዋል፤ ግን የሰጠሁትን ቃል መልሼ ልብላው?

አማቼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ሺህ ስምንት ለሁለትም፣ ለአራትም፣ ለስድስትም፣ ለሰባትም፣ ለስምንትም፣ ለዘጠኝም እኩል እንደሚደርስ ነገረኝ። አንድ እግር ቢጎድል ለመጣው ሁሉ የሚበተን ሆነ። የልጅ ልጆቼ ደግሞ እያደጉ ነው።

ዕጣ ተጣለ። ትንሹ ድርሻውን መንጥሮ ጫት አደረገው፤ የጥላው ዛፍ ከሰል ሆነ። ታላቁ ዙሪያውን አጠረ። ቤቴ በዕጣው የገባው በእሱ ድርሻ ውስጥ ነው። ከማሳው በታች ወዳለው ወንዝ ለመውረድ አሁን እሱ በር እስኪከፍትልኝ ቆሜ እጠብቃለሁ።