ከሰርጉ በፊት የመጣው ፊልም

ሐኪሙ የሲቲ ስካኔን ፊልም መስኮቱ ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ። ቆሽቴ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ ጠጣር ዕጢ። አባቴ በኩላሊት ዕጢ፣ ታላቅ ወንድሜ በጭንቅላት ዕጢ እንደሞቱ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው" አለኝ። "ያንቺን በየዓመቱ እያነሳን እንከታተላለን። እህት ወንድም ካለሽ ሳትቆዪ አምጪ። ቀድሞ ከታየ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል።"

ያለችኝ አንዲት ታናሽ እህት ናት። በዚያው ሳምንት ከጊምቢቹ ሽማግሌ ሊላክላት ነበር። በእኛ ዘንድ ልጅ ለጋብቻ ከመጠየቋ በፊት ዘር ይጣራል፤ ከዚያ ቤት ማን በምን ሞተ እየተባለ ጎረቤት ሳይቀር ይጠየቃል። እናቴ የሐኪሙን ቃል ስትሰማ ፊልሙን ተቀብላኝ ፍራሽ ስር ከተተችው።

"ሰርጉ ይለፍ፣ ልጄ" አለችኝ በሀዲይሳ። ስትጨነቅ አማርኛዋ ይጠፋባታል።

እኔ ሆሳዕና ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ የማስተምር ሴት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እህቴን "ጨጓራ ነው" አልኳት። አመነችኝ። ቃሪያ እንዳልበላ ትቆጣጠረኝ ጀመር።

ሰርጉ አለፈ። መልሱ ይለፍ አልን። ፀነሰች፤ ነፍሰ ጡር አትደንግጥ አልን። ወለደች፤ አራስ አትደንግጥ አልን። ይህን ሁሉ ያልነው እኔና እናቴ ነን፣ ማንም አላስገደደንም። ከእናቴ ይልቅ ጥፋቱ የሚከብደው በእኔ ነው፤ እሷ ቢያንስ ፊደል አልቆጠረችም።

የነገርኳት ልጇ መቆም ስትጀምር ነው። አልጮኸችም። ሐኪሙ የሚገኝበትን ቀን ጠየቀችኝና በማግስቱ ሆሳዕና መጣች። እሷ ፊልሙን ስትነሳ ልጇን ይዤ ውጭ ጠበቅሁ።

የእሷ ዕጢ ከእኔው በእጥፍ ይበልጣል። ተዛምቶም ጉበቷ ላይ ነጠብጣቦች ታይተዋል። ሐኪሙ "ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ጀመረና መዝገቤን ገለጠ። እህት ወንድም አምጪ ያለኝን ቀን በጣቱ አገኘው፤ ቀና ብሎ አየኝና መዝገቡን ዘጋው። እህቴ ግን ጣቱ ያረፈበትን ቀን አይታለች፤ ከሰርጓ በፊት ነው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘን ተቀመጥን።

"ባሌ ዘሬን ሰምቶ ባይወስደኝ ይቅር ነበር" አለችኝ። "እናንተ ጋ እቀመጥ ነበር።"

ልጅቷ እቅፌ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷታል። እህቴ የልጇን ነጠላ አስተካከለች፤ ልትቀበለኝ ግን እጇን አልዘረጋችም።

"ለእሷ በጊዜ ንገሪያት" አለች። "እኔ አልደርስም።"