የይስሐቆች ቅርጫ

ስልኩ ሲጮህ የገሱባው ይስሐቅ የበር ጣውላ እየላገ ነበር። የደወለው የዲምቱው ይስሐቅ ነው።

«ሞክሼ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይስሐቅ አርፏል።»

«የትኛው?»

ጥያቄው ሳያስበው ነው ከአፉ የወጣው። የዲምቱው «ይስሐቅ» ብቻ ብሎ ደገመለት። ያን ጊዜ ገባው። የገሱባው፣ የበዴሳው፣ የዲምቱው እየተባለ በየከተማው ስም የሚጠራው ሌላው ነው። እንዲሁ ባዶውን «ይስሐቅ» ከተባለ የሶዶው ጋሽ ይስሐቅ ነው። መላጊያውን ጣውላው ላይ አስቀመጠና ውጭ ወጥቶ ቆመ። ዝናቡ እየጣለ ነበር።

ጋሽ ይስሐቅ ጎሚስታ ነበር። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ አሮጌ ጎማዎች በተደረደሩበት አንድ ክፍል ቤት፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጎማ ሲለጥፍ ኖሯል። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ሆኖም ስሙን ይወድ ነበር። ስሙን ለሚጋራ ሰው ሁሉ ጎማ የሚነፋው በነፃ ነው። ይህ እንደተሰማ የከተማው ባለ ሞተር ልጆች ሁሉ ይስሐቅ ሆነው ዐረፉት።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ ሞክሼህ ነኝ።»

«ትናንት ማቲ ተብለህ ስትጠራ አልሰማሁም እንዴ?»

«ማቲ የቤት ስሜ ነው።»

«ይሁን። የትኛው ይስሐቅ ነህ ታዲያ? የጉድጓዱ? ንጉሡ? መነኩሴው? ወይስ የፖሙ?»

ልጁ ይቁለጨለጫል። ጋሽ ይስሐቅ ይስቅና ጎማውን እየነፋ ከአራቱ የአንዱን ታሪክ ይነግረዋል። ዋሽቶ የመጣውም ጎማው ተሞልቶለት፣ ታሪክም ሰምቶ ይሄዳል። ታሪኩን ከየት እንዳመጣው ለሚጠይቀው አይደብቅም። አንዱን ከጸሎት ቤት፣ አንዱን ከሬዲዮ፣ አንዱን ጎማ ሊያስለጥፍ ከመጣ አስተማሪ ነው የሰማው። ያልገባውን ደግሞ ተማሪ ባገኘ ቁጥር ይጠይቃል።

ቅርጫውንም ያሰበው እሱ ነው። ለጊፋታ፣ አዲሱ ዓመት መስከረም ላይ ሲገባ፣ ወላይታ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ በሬ ይገዛል፤ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዘመድ ከዘመድ፣ ባልደረባ ከባልደረባ። ጋሽ ይስሐቅ ግን ይስሐቅ የተባለውን ሁሉ ከያለበት ጠራ። ሚስቱ እትዬ እታፈራሁ ሳቀችበት።

«ስም ብቻ ምን ያገናኛችኋል? ይስሐቅ፣ ድርሻህን ውሰድ ስትል ሁሉም አቤት ሊል ነው!»

እንዳለችውም ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት «ይስሐቅ!» ብሎ ቢጣራ ግቢው በሙሉ ተነሣ። በከተማ ስም መጠራራት የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቅርጫው አንድ ደንብ ነበረው። ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ጋሽ ይስሐቅ ቆሞ ስለ አንድ የጥንት ይስሐቅ ይናገራል። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያን ስለ ገዛው ስለ ዐፄ ይስሐቅ ነገራቸው። የዲምቱው የኦርቶዶክስ ልጅ ስለ ነበር፣ ለእሱ ብሎ ስለ አባ ገሪማ ተናገረ፤ ከምንኩስናው በፊት ስሙ ይስሐቅ እንደ ነበርና ቤተ መንግሥት ትቶ በረሃ እንደ ገባ ሲወርድ ሲዋረድ ይነገራል። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት ደግሞ የፖሙን አመጣ። በእንግሊዝ አገር ወረርሽኝ ገብቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ ይስሐቅ ኒውተን እናቱ እርሻ ላይ ተቀምጦ ማሰቡን ቀጠለ። «ልጆቻችሁ ቤት ዋሉ ብላችሁ አትዘኑ» አላቸው፤ «እኛ ጋ ፖም ባይኖር አቮካዶ ይወድቃል።»

ከሁሉ የሚወደው ግን የመጀመሪያውን፣ የአብርሃምን ልጅ ነበር። ጉድጓድ ሲቆፍር ጎረቤቶቹ የእኛ ነው አሉት፤ ትቶላቸው ሌላ ቆፈረ። በዚያም ተጣሉት፤ ይህንንም ትቶ ሄደ። በመጨረሻ ያባረሩት ሰዎች ራሳቸው እንታረቅ ብለው መጡ፤ ግብዣ አድርጎ አበላቸው። ጋሽ ይስሐቅ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይቀየራል።

የገሱባውና የበዴሳው ይስሐቅ የተጣሉት በዚሁ ቅርጫ ላይ ነው። ከሥጋው መጀመሪያ ቆርጦ በዳጣ አጥቅሶ የሚቀምሰው ታላቅ የሆነው ነው፤ ይኸውም ጋሽ ይስሐቅ ነበር። ካቻምና እጁ ሲደክም ቢላዋውን አስቀመጠና «ከእኔ ቀጥሎ ታላቅ የሆነ ይቁረጥ» አለ። ሁለቱም ተነሡ። ሁለቱም የተወለዱት በድርቁ ዓመት፣ በሰባ ሰባት ነው።

«እናቴ ለመስቀል ወለድኩህ ብላኛለች» አለ የበዴሳው።

«እኔ እኮ መስቀልን ታቅፋኝ ነው የዋለችው! አንተ ጢም ያወጣኸው ዓይኔ እያየ ነው።»

«ፀጉርህ ሸሸ ብለህ ታላቅ የሆንክ መሰለህ?»

ሰው ሳቀ። የገሱባው ግን አልሳቀም። የበዴሳው ቢላዋውን አንሥቶ ሲቆርጥ፣ እሱ ድርሻውን ትቶ ወጣ። በሃያ ዓመት ወዳጅነታቸው አንዱ የአንዱን ቤት ጣራ ሲመታ፣ አንዱ የአንዱን ልጅ ሲያሳክም ኖረዋል። አምና ሁለቱም ቀሩ፤ ድርሻቸውን በሰው አስወሰዱ።

ሐምሌ ላይ የገሱባው ሚስማር ሊገዛ ሶዶ መጥቶ ወደ ጎሚስታው ቤት ጎራ አለ። ጋሽ ይስሐቅ ከስቷል። ከጎማ ውስጥ ያወጣውን ካላማዳሪ ነፍቶ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለገ ነበር።

«ጊፋታ ሳይገባ በዴሳ ትሄዳለህ» አለው ቀና ሳይል። «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ለምን እሱ አይመጣም?»

«ታላቁ እኔ ነኝ ስትል አልነበረም? ቀድሞ የሚሄደው ታላቅ ነው።»

«እንግዲያው ታናሽ ነኝ።»

«ታናሽ ከሆንክማ ይቅርታ መጠየቅ ያንተ ፋንታ ነው።»

የገሱባው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ጋሽ ይስሐቅም ሳቀና ሳል ያዘው። «አትስቅ፤ የምሬን ነው» አለ ሳሉ ሲለቀው። «ስሙን የወረስነው ሰውዬ እንኳ ዓይኑ ከፈዘዘ በኋላ ልጆቹ በብኩርና ተጣሉበት። እናንተም እኔን እንደዚያው ልታደርጉኝ ነው?»

የገሱባው «ነሐሴ ላይ እንሄዳለን» ብሎ ቃል ሰጠው። ነሐሴ ላይ ግን ያ የዲምቱው ስልክ ተደወለ።

በቀብሩ ቀን ሳጥኑን የተሸከሙት ይስሐቆች ናቸው፤ ለሌላ ሰው አንሰጥም አሉ። መንገዱ ጭቃ ነበር። የገሱባው ከጣራ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ከተጎዳ ወዲህ ከባድ ነገር አይችልም፤ ሆኖም ማንም ሳያየው በዚያው ትከሻው ገባ። ዳገቱ ላይ ሳጥኑ ወደ እሱ ሲያዘነብል አንድ እጅ ከኋላ መጥቶ በግራ ትከሻው እንዲሸከም ወደ ሌላው ጎን ገፋ አደረገውና ቦታውን ያዘለት። ዘወር ሲል የበዴሳው ነው። ስለ ትከሻው ያውቃል፤ ያን ቀን ከጣራው ሥር መሰላል ይዞ የነበረው እሱ ነው። እስከ መቃብሩ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። አፈሩ እንደተመለሰ የበዴሳው ሳይሰናበተው በሚኒባስ ሄደ።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የገሱባው እትዬ እታፈራሁን ሊጠይቅ ተመልሶ መጣ። የጎሚስታው ቤት ተዘግቷል፤ ከደጁ ያለ ጎማ የቆሙ ሞተሮች ነበሩ።

«እትዬ፣ የዘንድሮውን ይስሐቅ ነግሮሽ ነበር? ስለ ማን ሊያወራ እንዳሰበ?»

«ነግሮኛል» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ዘንድሮ ስለ ሞተ ሰው አላወራም አለኝ። የገሱባውና የበዴሳው አንድ ቢላዋ ይዘው ሲቆርጡ ካየሁ የሚወራው ስለ እነሱ ነው፤ ካላየሁ ዝም ብዬ ሥጋዬን እበላለሁ አለ።»

የገሱባው አንገቱን ደፋ። «በዴሳ እሄዳለሁ ብዬው ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። አብሮህ ሊሄድ ሸሚዙን አሳጥቦ ነበር።»

አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው። የዲምቱው ቅርጫው ዘንድሮም አይቀርም ብሎ ለሁሉም ደውሏል። በሬው አልተገዛም። ታሪኩን የሚነግር ሰው አልተገኘም። የገሱባውም እስከ ዛሬ በዴሳ አልሄደም።