«አለሁ» ያላለው ምክትሌ

ባለፈው ወር ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ አለፍ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ አዲስ የተመረጡትን የተማሪዎች ማኅበር መሪዎች እንዳሠለጥን ጠራኝ። መጠራቴ አልገረመኝም። ከዜማ በቀር ሰው ያስተማረኝ ነገር የለም፤ ራሴን በራሴ አስተምሬ አራት ቋንቋ አነባለሁ። በኮልፌ እንደኔ ያለ ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንተያይ። ልጆቹ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ። አፌን ልከፍት ስል ግን የራሴ ሥልጠና ትዝ አለኝ።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ኮልፌ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበር። እኛ አሥራ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ዓይነ ስውር ከነበሩት የኔታ ዘንድ ዜማ እንማር ነበር። አለቃችንን የምንመርጠው ጠጠር በመጣል ነው። እኔ በአንድ ጠጠር በልጬ አለቃ ሆንኩ፤ ሁለተኛ የወጣው ጓደኛዬ ምክትል ሆነ። የበለጥኩባትን ጠጠር የጣለልኝ እሱ ራሱ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

የኔታ ሁለታችንን ሳምንት ሙሉ አሠለጠኑን።

«አለቃ ከፊት፣ ምክትል ከኋላ። ምግብ ስታከፋፍሉ የራሳችሁን መጨረሻ አንሱ። መንገድ ስትጀምሩና ስትጨርሱ እያንዳንዱን በስሙ ጥሩት፤ እሱም ‹አለሁ› ይበል። ሰው እንደ ከብት አይቆጠርም።»

እኔ ግን መንገድ የሚሠሩት ጣሊያኖች አጠገብ እየቆምኩ ቁጥራቸውን ለቅሜ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ! እስከ ሃያ ድረስ እንደ ውኃ እጠጣዋለሁ። «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ» ስል ምክትሌ ይስቅብኛል።

«አለቃዬ፣ ነገ ደግሞ ፓስታ አቅርቡልኝ ልትለን ነው!»

«ቅናት ነው።»

«እንዴታ! እኔ እኮ መቁጠር የምችለው ዳቦ ብቻ ነው።»

አንድ ቀን አስኮ በኩል ተዝካር ተጠራን። በልተን ስንነሳ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። መንገዱ ላይ የጣሊያን ኬላ አለ፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ በዚያ የሚያልፍ ሰው ይተኮስበታል። ስለዚህ ስም ሳልጠራ አጣደፍኳቸው። ኬላውን ብቻውን ማለፍ የፈራ አንድ የእንጨት ሻጭ ልጅ መሃላችን ገባ። አላባረርኩትም፤ ወዲያውም ረሳሁት።

ኬላውን እንዳለፍን ወታደሮቹ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኩ። ኡንዲቺ፤ ከእኔ ሌላ አሥራ አንድ። አንዱ ወታደር አጨበጨበልኝ። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

«ሁሉም አሉ?» አሉ የኔታ።

«አሥራ አንድ፣ የኔታ! በጣሊያንኛ ነው የቆጠርኩት።»

«ስማቸውን ጥራ።»

«ቁጥሩ ልክ ነው እኮ፣ የኔታ...»

«ጥራ አልኩህ!»

ጠራሁ። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ። የምክትሌን ስም ስጠራ ዝም። ደግሜ ጠራሁ። የእንጨት ሻጩ ልጅ ወደ ቤቱ ከታጠፈ ቆይቷል፤ አሥራ አንደኛ አድርጌ የቆጠርኩት እሱን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ወደ ኬላው ልሮጥ ስነሳ ከዚያው በኩል አንድ ጥይት ጮኸ። የኔታ ደበሎዬን ጨምድደው ያዙኝ።

«ሁለት አላጣም» አሉ።

ጠዋት ወታደሮቹ ሬሳውን ሰጡን። ከነአኮፋዳው ነበር፤ ውስጡ በኮባ የተጠቀለለ ዳቦ አለ። ከተዝካር ለመምህር ድርሻ ማምጣት የአለቃ ግዴታ ነው። እኔ ረስቼው ኖሮ፣ ከኋላችን ይሄድ የነበረው እሱ ለማንም ሳይናገር ሊያመጣው ወደ ተዝካሩ ቤት ተመልሷል። የኔታ ዳቦውን በጣታቸው ዳሰሱት እንጂ አልቀመሱትም። አልተቆጡኝም። አለቃነቱንም አልነሱኝም፤ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መርቻለሁ፣ በእኔ አመራር አንድም ሰው አልጠፋም። ይህን ለየኔታ የምነግርበት ጊዜ ግን አላገኘሁም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የልጆቹ ጸሐፊ ወረቀቷን አሳየችኝ።

«አባባ፣ አሥራ ሁለት ነን፤ ሁላችንም ተገኝተናል።»

«በስማቸው ጥሪያቸው፣ ልጄ።»

እየሳቀች ጠራች። ሁሉም አለሁ አሉ።

«አንድ ቀርቶሻል» አልኳትና የምክትሌን ስም ራሴ ጠራሁ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ጥቂት ጠበቅሁና ሥልጠናውን ጀመርኩ።