በእህቴ ክንድ ላይ የወጣው መረብ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ከልቤ ያልወጣው፣ «ምንም አይደለም» ብዬ እህቴን ያዘናጋኋት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ነው።

እኔ አቡ ዳቢ፣ ኸሊፋ ሲቲ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ። ታናሽ እህቴ ሐያት አል ዐይን ከተማ ልብስ መሸጫ ውስጥ ናት። የእኔ እጅና እግር ኤሲ ሲበረታበት ወይን ጠጅ መረብ የለበሰ ይመስላል። በሐያት ላይም ሲወጣ «ብርድ ነው፣ የዘራችን ነው» አልኳት። እሷም አመነችኝ።

አንድ የዕረፍት ቀኔን አል ዐይን ውዬ፣ እሷም ጉዳይ ነበራትና አብረን በአውቶቡስ ወደ አቡ ዳቢ ስንመጣ የውሃ ጠርሙሷ ከእጇ ወደቀ።

«እጄ ደነዘዘ» አለች እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እያሸች። «ባለፈው ሳምንትም እንዲህ አድርጎ ለቀቀኝ።»

ከጎናችን የተቀመጠች ሴት በአማርኛ፣ «ይቅርታ እህቶቼ፣ ነርስ ነኝ። ይሄ መረብ መቼ ጀመራት?» አለች።

«ብርድ ነው። እኔም አለብኝ» ብዬ ክንዴን አሳየኋት።

የሁለታችንንም ክንድ በሻሿ ጠቅልላ ትንሽ አቆየችና ገለጠችው። የእኔ ጠፍቷል። የሐያት እንዳለ ነው።

«ያንቺ መረብ ቀለበቱ ሙሉ ነበር፤ ሲሞቅም ጠፋ። የእሷ ግን የተቆራረጠ ነው፤ ሙቀትም አልነካው። እጇም ደንዝዟል። የደም ሥር ችግር ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት።»

ሐያት «ነገ ሥራ አለብኝ» ስትል ሴትዮዋ ተቆጣች። «ሥራው ይቆይሽ!»

አውቶቡሱ እስኪደርስ መንገዱ አላልቅ አለኝ። በየደቂቃው «ጣትሽን አንቀሳቅሺ» እላታለሁ። ሴትዮዋ ታክሲ ይዛ ድንገተኛ ክፍል ድረስ አደረሰችን። ለሥራዋ ዘግይታ ስለነበር ስሟን እንኳ ሳንጠይቃት ሄደች።

እኔ ኮሪደሩ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ስመላለስ ቆየሁ። በኋላ ሐኪሙ ጠራኝ። የሐያት ደም ቶሎ የሚረጋ ሆኖ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ትንሽ የደም ሥር ዘግቶ ነበር። «ብትቆዩ ኖሮ የባሰ ይመጣ ነበር» አለኝ።

ሐያት አሁን ደህና ናት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች፣ በየጊዜው ትመረመራለች፣ ሥራዋም ላይ ናት። በእኔም አልተቀየመችም። እኔ ግን በየጠዋቱ ካልደወልኩላት ሥራ አይያዝልኝም። ስልኩን ካዘገየች ደጋግሜ እደውላለሁ። ስታነሳው ከሰላምታ በፊት «እጅሽ እንዴት ነው?» እላታለሁ።

እሷ ትስቃለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ አብሬያት መሳቅ አልቻልኩም።