አቶ ሳህሌ ዋስ የሆኑ ዕለት

አቶ ሳህሌን ሳስብ ያ የሱፍ ኮፍያቸው ነው የሚመጣብኝ። ለንደን ባተርሲ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዱም፣ ጡረታ ወጥተው የሼፈርድስ ቡሽ እድራችን ዳኛ ሲሆኑም ከራሳቸው አልወረደም። በደርግ ጊዜ ጎረቤት ጠቁሞባቸው ወንድማቸው ከቤት ተወስዶ ቀርቷል። ብዙ አያነሱትም፤ ሰው ስለ ጠቋሚ ሲያወራ ግን ተነስተው ይወጣሉ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ክሌር የምትባል የካውንስል፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ሠራተኛ አዳራሻችን መጣች። ልጆቻችን በኢንተርኔት ወደ ጥላቻና ወደ ግድያ ሲሳቡ ካየን፣ ነገሩ ሳይከፋ እንድንነግራት ለመነችን። ከእድሩ ወጣቶች አንዷ ሶልያና አስተረጎመች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከጎኔ ጓደኛዬ አልታየሽ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። ልጇ ዐቢይ ጎልማሳ ነው፤ ሥራውን ትቶ፣ ክፍሉን ዘግቶ፣ "እነዚያ ካልጠፉ ሰላም የለም" የሚሉትን ሲሰማ ይውላል። በቀደም ደግሞ "እኔም አንድ ቀን አሳያቸዋለሁ" ብሏታል። ብትናገር ሊያስሩባት፣ ዝም ብትል ሰው ሊገድልባት። ለእኔ ብቻ ነበር የነገረችኝ።

አቶ ሳህሌ ተነሱ።

"ልጄ፣ በእኛ አገር ቃል የሚሰጥ ሰው ዋስ ይጠራል። ያንቺ ዋስ ማነው?"

"እዚህ ማንንም አላውቅም" አለች ክሌር።

"እንግዲያው የማትችዪውን ንገሪን።"

ጥቂት አሰበች። "ከፖሊስ መደበቅ አልችልም፤ ነገሩን እነሱም ያዩታል። ወንጀል ከሌለ ግን እርዳታው በልጁ ፈቃድ ነው። እምቢ ማለት ይችላል።"

ቀልደኛው መዝገቡ ከኋላ ሆኖ፣ "ጋሼ፣ በስተርጅና ቀበሌ ሊያስገቡን ነው?" ሲል ሰው ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። "የቀበሌ ሰዎች ወንድሜን ሲወስዱ 'ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል' ነበር ያሉን። ይቺ የማትችለውን ነገረችን። ዋሷ እኔ ነኝ። ቃሏን ካፈረሰች ከእድሩ አውጡኝ፤ ስሞትም እንዳትቀብሩኝ።"

ሳቁ ቆመ። በሰው አገር ላረጀ ሰው ቀባሪ ማጣት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አልታየሽ ክንዴን ለቃ ወደ እሳቸው ሄደች።

በማግስቱ አቶ ሳህሌና እኔ ከአልታየሽ ጋር ቤቷ ሄድን። አቶ ሳህሌ ስለ ክሌር ሲነግሩት ዐቢይ የክፍሉን በር ሳይከፍት "ሰላይ" ብሎ ሰደባቸው። አቶ ሳህሌ ወንበር ስበው በሩ ሥር ተቀመጡና ስለ ወንድማቸው አወሩለት፤ እኔም ሙሉውን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

"የወሰዱት ልጆች እኮ እንዳንተው ወጣቶች ነበሩ" አሉት በመጨረሻ። "አገር የሚያድኑ ይመስላቸው ነበር።"

ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ዐቢይ፣ "ሴትየዋን አገኛታለሁ፤ እርስዎ አብረውኝ ካሉ ነው" አለ።

ክሌር ቃሏን ጠበቀች። ፖሊስም ጉዳዩን አየ፤ ክፉ ወሬ እንጂ ሌላ አላገኘበትም። አንድ ረጋ ያለ ሰው መድበውለት እየተገናኙ ያወሩ ጀመር። መሃል ላይ ዐቢይ ተቆጥቶ ቀረ፤ ማንም አላስገደደውም፤ ራሱ ተመለሰ። አሁን ሃክኒ መጋዘን ውስጥ ይሠራል።

ባለፈው የእድር ስብሰባ እናቱን ይዞ መጥቶ ወንበር ሲደረድር አቶ ሳህሌ አዩትና ወደ መዝገቡ ዞሩ።

"እንዴት ነው፣ እድሩ ውስጥ ልቆይ?"

"ይቆዩ እንጂ ጋሼ፤ እንቀብርዎታለን።"

"ባትቸኩሉ ጥሩ ነው" አሉና ኮፍያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።