የሁለት ሰንበት በረኛ

ይባረክ ሀዳነ «ለአገሬ አልጫወትም» አላለም። ብሏል ብለው በአደባባይ የመሰከሩበት አቶ በላቸው ሐሰት መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ምስክርነቱን የተቀበለውም ሰው አንዲት ጥያቄ እንኳ ጠይቆ አላጣራም። በደሉ ይህ ነው።

ይባረክ የወለቃ ልጅ ነው፤ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው፣ ቤተ እስራኤል ሸክላ እየሠሩና ብረት እየቀጠቀጡ ከኖሩባት መንደር። እሱ ግን የአባቱን ወናፍ ትቶ ፒያሳ ካለው ጋራዥ ማኪና ይጠግናል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የከተማው ቡድን በረኛ ነው። ጓደኞቹ ፈላሻ ነው ብለው የሚጠጣበትን ጣሳ ለብቻው ያስቀምጡለታል፤ ኳስ ሲያድን ግን ሁሉም አንገቱ ላይ ይጠመጠማሉ።

በ1954 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሊካሄድ ጥቂት ሲቀረው፣ ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች የሚፈልግ መራጭ ወደ ጎንደር እንደሚመጣ ተሰማ። ይባረክ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ቀጣዩ ዋንጫ እስኪመጣ ጉልበቱ እንደማይጠብቀው ያውቃል፤ ያለችው ይህች አንዲት ዕድል ናት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቡድኑ ኃላፊ አቶ በላቸው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

«መራጩ ደርሷል። ፈተናው በሰንበት ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

ይባረክ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ። በጎንደር ሰንበት ሁለት ነው፤ ክርስቲያኑ በደፈናው ሰንበት ሲል እሑድን ማለቱ ነው፤ ለቤተ እስራኤል ግን ከቅዳሜ በቀር ሰንበት የለም።

«አቶ በላቸው፣ በሰንበት እንዴት ሆኖ? ከመንደር እንደማልወጣ እያወቁ! አንዲት ቀን ብቻ ይግፉልኝ፤ እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

አቶ በላቸው ቅዳሜ እንደመሰለው ወዲያው ገባቸው። ፈተናው እሑድ ነው። ይባረክ እግራቸው ላይ ወድቆ የሚለምናት ቀን ቀድሞውኑ የተሰጠችው ቀን ናት። «እሑድን ማለቴ ነው» ብለው ቢያርሙት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

«መራጭ ያዘዘውን እኔ አልሽርም» አሉ። «አልመጣም ነው የምትለኝ?»

«በሰንበት አልመጣም።»

«ሸጋ!» ብለው ሄዱ።

ይባረክ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወለቃ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ከጸሎት ቤቱ ደጅ ቆሞ ዓይኑ ከከተማው መንገድ አልነቀል አለ።

«ምን ያቁነጠንጥሃል?» አሉት አባቱ።

«አሁን ገቡ፣ አባባ። አሁን ኳሷን መሐል አኖሯት።»

«ሂዳ! እኔ አስሬሃለሁ?»

በሰንበት ከማይታለፈው ወንዝ ድረስ ወረደ። አንድ እግሩን መሻገሪያው ድንጋይ ላይ አሳረፈ። ቆሞ ቆሞ እግሩን መለሰ። የሕይወቱን ትልቅ ነገር በገዛ ፈቃዱ ለሰንበቱ የሰጠ መሰለው።

እሑድ ጠዋት፣ ማን እንዳለፈ ሊጠይቅ ከተማ ሲገባ፣ ከሜዳው ጩኸት ሰማ። እየሮጠ ደረሰ። ጨዋታው ተጋምሷል። ጎሉ ውስጥ የቆመው የክንፍ ተጫዋቹ ማሬ ነው፤ ኳስ ከእጁ ትሾልካለች።

አምበሉ ውድነህ ከመሐል ሜዳ ጮኸ። «አንተ! ምነው ገደልከን? የት ጠፍተህ ነው?»

«ትናንት አልነበረም እንዴ?»

«ማን አባቱ ነው ትናንት ያለህ?»

ይባረክ ኮቱን ወዲያ ጥሎ ወደ መራጩ ተጠጋ። «ጌታዬ፣ ያስገቡኝ። በረኛው እኔ ነኝ።»

አቶ በላቸው ቀደሙ። «ለአገሬ አልጫወትም ያለው ይኸው ነው።»

«አላልኩም! በሰንበት አልመጣም ነው ያልኩት!»

መራጩ ፈገግ አለ። «ታዲያ ዛሬ ሰንበት አይደል? አልመጣም ካልክ ምን አመጣህ?»

የሜዳው ዳር በሳቅ ፈነዳ። ይባረክ «የእኔ ሰንበት...» ብሎ ጀመረ፤ የቀረውን ሳቁ ዋጠው። እውነቱን በተናገረ ቁጥር ክሱን በራሱ አፍ ያጸናው ነበር። አንድ ሰው ኮቱን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለለትና ከሜዳው ገፍቶ አወጣው።

ጨዋታው ሲያበቃ ውድነህ አቶ በላቸውን ለብቻቸው ያዛቸው።

«ቅዳሜ እንደመሰለው አላወቁም?»

«ምነው አላውቅ! ጎንደር በረኛ ጠፍቶባት ፈላሻ ላከች እንድንባል ነው የምትፈልገው?»

ውድነህ ይህን ለይባረክ ነገረው። ለመራጩ ግን አልነገረም፤ የራሱ ዕጣ ገና አልታወቀምና። መራጩ በማግስቱ ተሳፍሮ ሄደ፤ ከጎንደር የመረጠው አንድም ሰው አልነበረም።

ጥር ላይ ኢትዮጵያ ዋንጫውን ስትበላ ፒያሳ በጭፈራ ተናወጠ። ይባረክ ማኪና ሥር ተጋድሞ ብሎን እያላላ ነበር።

«አንተ እንቢተኛ!» አለው ከደጅ አንዱ። «ውጣና ጨፍር እንጂ! ወይስ ዛሬም ሰንበት ነው?»

አልወጣም። የከተማው ቡድንም ከዚያ ወዲህ አልጠራውም። አቶ በላቸው በኃላፊነታቸው ላይ ናቸው፤ የመሰከሩትን አላነሡም፤ አንሡ ያላቸውም የለም። ውድነህ የሚፈራው ነገር ካለፈ ቆይቷል፤ አሁንም አልተናገረም። ይባረክ ሀዳነ በከተማው የሚታወቀው አገሩን እንቢ ያለ በረኛ ተብሎ ነው።