አክስቴና የቧንቧው መስመር

አክስቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማችንን ጓሮ ስትዞር ኖራለች። ሌላው ሰው ቤትን በበሩ ያውቃል፣ እሷ በጓሮው ነው የምታውቀው። ደብተሯ ላይ ከቁጥሩ ጎን «ውሻው አስመሳይ ነው፣ አይነክስም»፣ «ሴትየዋ ወሬ ታበዛለች፣ ጠዋት አትግቢ» የሚሉ ማስታወሻዎች አሉ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀራት እኔን ከጉድ አወጣችኝ፤ ከማውጣቷ በፊት ግን በደንብ ስቃብኛለች።

እኔ ማዘጋጃ ቤት ፕላን ክፍል ካርታ እሠራለሁ። ከተማችን ሁለት የሚያማምሩ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች አሏት፤ አንዱ ወንዙን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ከኮረብታው ጫካ ይወርዳል። ሁለቱ ግን አይገናኙም። መሀላቸው ስድስት መቶ ሜትር ቤት በቤት ነው። አገናኝ ተባልኩ። የሳተላይት ፎቶውን ዘርግቼ ብፈልግ ብፈልግ መላወሻ አጣሁና መስመሩን በከባድ መኪናው መንገድ ዳር አሰመርኩት። ልጆች በብስክሌት ከድንጋይ ጫኝ መኪና ጋር ሲጋፉ ታየኝ፣ ግን ዐይኔን በጨው አጥቤ አስረከብኩ። ሐሙስ ጉባኤው ካጸደቀው በቃ፣ ሌላ ዕድል የለም።

እሁድ አክስቴ ቤቴ መጥታ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ አየችው።

«ይሄን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በእግርህ ሄደህበታል?»

«በፎቶ አይቼው ነው፣ አክስቴ።»

«እኔ በፎቶ ቆጣሪ ባነብ ኖሮ ገና ድሮ ያባርሩኝ ነበር።» ከት ብላ ሳቀችና እርሳሴን አንሥታ ከወንዙ እስከ ኮረብታው በቤቶቹ ጀርባ አሰመረች። «ዋናው ቧንቧ በዚህ ነው የሚያልፈው። በላዩ ቤት መሥራት ክልክል ስለሆነ አራት ሜትር ተትቶለት ነበር። ቤት የሠራበት የለም፤ ግን ሁሉም በየዓመቱ አጥሩን አንድ አንድ እርምጃ ሲገፋ ሲገፋ ተዘጋ።»

ሰኞ አብረን ወጣን። እዚህ የዶሮ ቤት እያስነሣች፣ እዚያ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ እያስገለበጠች የቧንቧውን ክዳኖች አንድ በአንድ አሳየችኝ። አሥራ ስድስት አጥር ቆጥረን ወደ መጨረሻው ስንጠጋ እርምጃዋን ቀነሰች። አሥራ ሰባተኛው የራሷ ነበር። ለእንግዳ ሁሉ የምታሳየው ጓሮ፣ ስድስቱ ፓፓያና የጎመኑ መደብ፣ እንዳለ ቧንቧው ላይ ነው።

«የሰው ጓሮ ስቆጣጠር፣ ለካ እኔም ሌባ ነኝ» አለች። ቀልድ አስመሰለችው እንጂ ቀልድ አልነበረም።

ሐሙስ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አክስቴ የቧንቧውን መስመር አስረድታ ስትጨርስ ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ተነሣ።

«እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል አልሰሙም? የእርስዎስ አጥር?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ልክ ብለዋል» አለችው። «ትናንት አፈረስኩት። ሩቅ አይደለም፣ ሄደው ይዩት።»

ይህን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር። ሰብሳቢው ቢለምን የሚሰማው አጣ፤ ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ፣ እሱም ተከተለ። ቆርቆሮው ተነቅሎ ጥግ ተደርድሯል፣ ፓፓያዎቹ ተቆርጠዋል፣ መሀል ላይ ባዶ አፈርና የቧንቧው ክዳን ብቻ። ሹፌሩ ብዙ ቆሞ አየና ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። የተቀየመ መስሎን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከራሱ ጓሮ አጥር የሚነቅል የዲጅኖ ድምፅ ተሰማ።

እስከ እሁድ አሥራ አንድ አጥር ተነሣ፤ የቀሩትን ይሉኝታ አስነሣቸው። ጉባኤው እንደገና ተሰብስቦ የእኔን መስመር ጥሎ የእሷን አጸደቀ። በመሸነፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መንገዱ የተመረቀ ዕለት ሹማምንቱ ንግግር ሲያስረዝሙ እሷ አልጠበቀቻቸውም። ከወንዙ ዳር ተነሥታ፣ ብስክሌቶች በግራ በቀኝ እያለፏት፣ ኮረብታው ድረስ በእግሯ ሄደች። ሮጬ ስደርስባት ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምነው አክስቴ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሳልፍ በየአጥሩ ‹ማነው?› እየተባልኩ ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ስሄድ አንድ ሰው አልጠየቀኝም።»